የጠፋው ሾፌር ነው ወይስ ክፍያው?

"ሾፌር አጥተናል" የሚሉት የአሜሪካ የጭነት ኩባንያዎች፣ እየለወጧቸው ያሉት መኪኖችና በመሪው ላይ ያሉት ወገኖቻችን

ከዳላስ እስከ ዴንቨር፣ ከሚኒያፖሊስ እስከ አትላንታ፣ በየአውራ ጎዳናው ዳር በሚገኙት የከባድ መኪና ማረፊያዎች ከምሽቱ ሶስት ሰዓት በኋላ ብቅ ያለ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ መስማቱ አይቀርም። አንዱ ከባለቤቱ ጋር በስልክ ያወራል፣ ሌላው ከቤት ተቋጥሮለት የመጣውን እንጀራ በማይክሮዌቭ ያሞቃል፣ ሌላው ደግሞ ማቆሚያ አጥቶ ግቢውን ለሶስተኛ ጊዜ ይዞራል። ባንድ ወቅት የሀበሻ ስራ ሲባል ፓርኪንግና ታክሲ ነበር። ኡበርና ሊፍት የታክሲውን ገበያ ከናዱት ወዲህ ግን ብዙ ወገኖቻችን ሲዲኤል እያወጡ ወደ ትራክ ተሻግረዋል። ዛሬ በየቤተክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ፣ በየእቁቡና በየለቅሶ ቤቱ "እገሌስ የት ሄደ?" ሲባል "መንገድ ላይ ነው" የሚለው መልስ የተለመደ ሆኗል።

ጉዳዩ ለስደተኛው ማህበረሰብ ይህን ያህል የቀረበ ሆኖ ሳለ ስለ ስራው በአማርኛ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። በየጊዜው የምንሰማው አንድ ዜና ብቻ ነው፤ "አሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌር አጣች" የሚል። ኩባንያዎቹም በዚሁ ምክንያት መኪኖቻቸውን፣ የጉዞ መስመራቸውንና የአሰራር ደንባቸውን እየለወጡ ነው። ለውጡ ማንን ይጠቅማል? ማንንስ ጥሎ ያልፋል? "ሰው ጠፋ" የሚል ቀጣሪና "ስራው አልሆነኝም" ብሎ የሚወጣ ሰራተኛ በአንድ ገበያ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ወገን የደበቀን ነገር መኖር አለበት። እስቲ ከስሩ እንየው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።)

ቁጥሩ ምን ይላል?

በአሜሪካ ከሚንቀሳቀሰው ጭነት በክብደት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያጓጉዘው ከባድ መኪና ነው። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ድምጽ የሆነው የአሜሪካ የጭነት መኪና ማህበር የሾፌር እጥረቱን በ2018 ወደ 60 ሺህ፣ በ2021 ደግሞ ወደ 80 ሺህ አድርሶት ነበር። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ2030 እጥረቱ 160 ሺህ ይደርሳል ብሎም አስጠንቅቋል። ዋሽንግተን ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች በኮንግረስ አዳራሽ ሲነበቡ፣ ህግ ሲረቀቅባቸውና በጀት ሲጠየቅባቸው ኖረዋል።

ሌላኛው ወገን ግን ቁጥሩን አይቀበልም። የራሳቸው መኪና ያላቸውን ሾፌሮች የሚወክለው ማህበር "እኛ ያለብን ችግር ሾፌር መጥፋት አይደለም፣ የገባው ሾፌር አለመቆየቱ ነው" ሲል ቆይቷል። ማስረጃውም ቀላል ነው። በየዓመቱ ከ400 ሺህ በላይ አዲስ ሲዲኤል ይሰጣል። እጥረት አለ ከተባለው ቁጥር ጋር ሲተያይ ብዙ እጥፍ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው የት ይገባል? መልሱ ያለው በትልልቆቹ የረጅም ርቀት ኩባንያዎች የሰራተኛ መዝገብ ውስጥ ነው። በነዚህ ኩባንያዎች ባንድ ዓመት ውስጥ የሚለቀውና በምትኩ የሚቀጠረው ሾፌር ቁጥር ለብዙ ዓመታት ከጠቅላላው ሾፌር 90 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ቆይቷል። በቀላል አማርኛ፣ አንድ ሺህ ሾፌር ያለው ኩባንያ ባለበት ለመቆየት ብቻ በዓመት 900 ሰው መቅጠር አለበት ማለት ነው። ታችኛው የተቀደደ ጆንያ ውስጥ እህል እየጨመሩ "ጤፍ ጠፋ" እንደማለት ነው።

በማርች 2019 ስቴፈን በርክስና ክሪስተን ሞናኮ የተባሉ ምሁራን በአሜሪካ የሰራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የሾፌር ገበያው እንደማንኛውም የስራ ገበያ እንደሚሰራ፣ ደመወዝ በበቂ ሲጨምር ሰው ወደ ስራው እንደሚመጣ አሳይተዋል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ዋልማርት ነው። በ2022 ዋልማርት በራሱ መኪኖች ላይ ለሚቀጥራቸው አዳዲስ ሾፌሮች የመጀመሪያ ዓመት ገቢ ከ95 ሺህ እስከ 110 ሺህ ዶላር እንደሚደርስ በይፋ አስታወቀ። የመጋዘንና የሱቅ ሰራተኞቹንም እያሰለጠነ ወደ መሪው ማምጣት ጀመረ። በጠቅላላው የአገሪቱ የከባድ መኪና ሾፌር መካከለኛ ገቢ ግን በ2024 ወደ 57 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ብዙ ነገር ይናገራል።

ነገሩ እዚህ እንዴት ደረሰ?

ከ1980 በፊት የአሜሪካ ጭነት ዋጋ በመንግስት ቁጥጥር ስር ነበር። ወደ ገበያው ለመግባት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፣ አብዛኛው ሾፌርም የቲምስተርስ ሰራተኛ ማህበር አባል ነበር። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ህግ ገበያውን ከፈተው። የጭነት ዋጋ ወረደ፣ አዳዲስ ኩባንያዎች እንደ አሸን ፈሉ፣ የማህበሩ ጉልበት ደከመ፣ የሾፌሩም እውነተኛ ገቢ አብሮ አሽቆለቆለ። በዲትሮይት የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ማይክል ቤልዘር ይህንን ታሪክ በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ በዝርዝር አስፍረውታል። ሶሲዮሎጂስቱ ስቲቭ ቪሴሊ ደግሞ ለጥናታቸው ሲሉ ራሳቸው ሲዲኤል አውጥተው ረጅም ርቀት ነድተዋል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨመርበት። አንደኛ፣ የረጅም ርቀት ሾፌር የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በማይል ነው። ጎማው ካልዞረ ገንዘብ የለም። ሁለተኛ፣ የ1938ቱ የሰራተኛ ህግ ለሌላው ሰራተኛ የሰጠውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ መብት ለነዚህ ሾፌሮች አልሰጠም። ይህንን የሚያነሳ ረቂቅ ከ2022 ጀምሮ በተደጋጋሚ ለኮንግረስ ቀርቧል።

መጋዘን በር ላይ የሚቀረው ቀን

ትራክ የነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቀጠሮ ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተይዞ እቃ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ይሆናል። በህጉ መሰረት አንድ ሾፌር አስር ሰዓት ካረፈ በኋላ ስራ ከጀመረባት ደቂቃ አንስቶ 14 ሰዓት ይቆጠርበታል፤ በዚያ ውስጥ መንዳት የሚችለው 11 ሰዓት ብቻ ነው። መጋዘን በር ላይ ሲጠብቅ ሰዓቱ አይጠብቀውም፣ ይቆጥራል። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ዴቪድ ኮረል በ2021 ለኮንግረስ ቀርበው እንዳስረዱት የረጅም ርቀት ሾፌር በቀን በአማካይ የሚነዳው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የተፈቀደለት ግን 11 ነው። ይህ ማለት አገሪቱ ካላት የሾፌር ጉልበት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ቆሞ ይውላል ማለት ነው። እያንዳንዱ ሾፌር በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢጨምር "እጥረት" የተባለው ነገር ሊጠፋ እንደሚችል ኮረል አስልተው አሳይተዋል።

የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ይህ ጥበቃ ከሾፌሮች ኪስ በዓመት ከ1.1 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንደሚወስድ ገምቷል። ጥበቃው በአማካይ በ15 ደቂቃ ሲረዝም የአደጋው መጠን በ6.2 በመቶ ከፍ እንደሚልም አመልክቷል። የዘገየ ሾፌር ይቸኩላልና!

መኪናውን ለሾፌሩ ወይስ ሾፌሩን ለመኪናው?

እንግዲህ ኩባንያዎቹ ምን አደረጉ? ከሁሉ በፊት ማርሹን ለወጡት። በኢትዮጵያ መንገድ በፊያት ኤንትሬ ዘመን ያደገ ሾፌር ፍሪሲዮን መርገጥና ማርሽ ማስገባት የሙያው ክብር ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ከፋብሪካ የሚወጣው አዲስ ከባድ መኪና አብዛኛው ማርሹን በራሱ ይቀይራል። ቮልቮ አይ-ሺፍት የተባለውን በ2001 አውሮፓ ላይ፣ በ2007 ደግሞ ሰሜን አሜሪካ ላይ አወጣ። ሌሎቹም ተከተሉ። ምክንያቱ ነዳጅ መቆጠቡ ብቻ አይደለም። አዲስ ሰው በጥቂት ሳምንት ሰልጥኖ ሊነዳው መቻሉም ነው። አንድ ነገር ግን እናሳስብ፤ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ሲዲኤሉ ላይ በእጅ ማርሽ እንዳይነዳ የሚከለክል ምልክት ይደረግበታል። አሮጌ መኪና ገዝቶ የራሱን ስራ ለመጀመር ያሰበ ወገን ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን እንዳያወጣ።

ቀጥሎ የመጣው "ጥሎ ማንሳት" ነው። ሾፌሩ የጫነውን ተሳቢ መጋዘኑ ግቢ አቁሞ፣ ቀድሞ የተጫነ ሌላ ተሳቢ አያይዞ ይሄዳል። ጥበቃ የለም። ለዚህ ግን ኩባንያው ለአንድ መኪና ሁለትና ሶስት ተሳቢ መግዛት አለበት፤ ስለዚህ አቅሙ ያላቸው ትልልቆቹ ናቸው። ከዚሁ ጋር ቅብብሎሽ የሚባለው አሰራር አለ። ከቺካጎ ወደ ዳላስ የሚሄደውን ጭነት አንድ ሰው ለቀናት ከመንዳት ይልቅ ሁለትና ሶስት ሾፌሮች መንገድ ላይ እየተቀባበሉ ያደርሱታል፣ ሾፌሮቹም ቶሎ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ልጆቹን ሳያይ ሶስት ሳምንት ለሚሰነብት አባት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእኛ እምነት ሾፌር አጣሁ ከሚል ኩባንያ የሚጠበቀው እውነተኛ መፍትሄ ይህ ነው።

ረጅሙን መንገድ ጨርሶ ከሾፌር ያወጡትም አሉ። ጄ.ቢ. ሀንት በ1989 ከሳንታ ፌ የባቡር ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ጭነቱን በባቡር ማስኬድ ጀመረ። ሁለት ሰራተኛ ያለው አንድ ባቡር ከ200 በላይ ኮንቴይነር መጎተት ይችላል። መኪናው የሚያስፈልገው ከባቡር ጣቢያ እስከ መጋዘን ላለው አጭር መንገድ ብቻ ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ከሜይ 2023 ጀምሮ እስከ 18.55 ሜትር የሚረዝም መኪና በመንገድ ላይ ተፈቅዷል፤ ባንድ ሾፌር ብዙ ጭነት ለማድረስ ነው። እንግሊዝ ወደዚህ የደረሰችው ክፉ ቀን አይታ ነው። በሴፕቴምበር 2021 የጭነት ባለንብረቶች ማህበር ከ100 ሺህ በላይ ሾፌር ጎድሎናል ሲል፣ ህዝቡ በየነዳጅ ማደያው ተሰልፎ አድሯል። መንግስት ወታደር አሰማርቶ ነዳጅ አስመላለሰ። ለውጭ አገር ሾፌሮች 5 ሺህ ጊዜያዊ ቪዛ ቢያቀርብም ያመለከተው ሰው ጥቂት ነበር። ለጥቂት ወራት ብቻ "ኑና አድኑን" መባል ማንን ያስመጣል?

ካሜራው ወደማን ዞሯል?

አሁን ደግሞ ወደ መራራው ክፍል እንምጣ። በዲሴምበር 2017 የሰዓት መዝገቡ ከወረቀት ወጥቶ ከሞተሩ ጋር በተያያዘ ኤሌክትሮኒክ መሳሪያ እንዲሆን የሚያስገድደው ህግ ስራ ላይ ዋለ። አላማው ድካምን መከላከል ነው፣ እኛም አንቃወመውም። ነገር ግን መሳሪያው የሾፌሩን ሰዓት ሲቆጥር መጋዘኑን ለምን እንዳስጠበቀ አይጠይቅም። ቀጥሎ ወደ ጋቢናው ውስጥ የዞረ ካሜራ መጣ። ሾፌሩ ሲያዛጋ፣ ስልክ ሲያነሳ፣ ዓይኑን ከመንገድ ሲያነሳ ኮምፒዩተር ይመዘግባል። ኩባንያው የኢንሹራንስ ወጪዬን ቀንሶልኛል ይላል። ሾፌሩ ግን ያቺ ጋቢና መኝታ ቤቱም ናት፣ ጸሎት የሚያደርስባትም ናት። አገር ቤት የሾፌር ረዳት ነበረ፤ ጭነት ያስራል፣ ጎማ ይመታል፣ ወሬ ያወጋል። እዚህ ረዳቱ ቀርቶ በቦታው ካሜራ ተተክቷል።

ማቆሚያውም ሌላ ፈተና ነው። የአሜሪካ የጭነት መኪና ማህበር ራሱ እንደሚለው በአገሪቱ ለ11 ሾፌር ያለው ማቆሚያ አንድ ነው። ሰዓቱ ያለቀበት ሾፌር መንዳት ህገወጥ፣ መንገድ ዳር መቆምም ህገወጥ ይሆንበታል። ኮንግረስ በ2012 ለዚሁ ጉዳይ የጄሰን ህግ በመባል የሚታወቀውን ድንጋጌ ያወጣው ማቆሚያ አጥቶ በተዘጋ ነዳጅ ማደያ ያደረ አንድ ሾፌር በ2009 ከተገደለ በኋላ ነበር።

ሾፌሩን ከመኪናው ለማውጣት የሚደረገውም ሩጫ አለ። ኦሮራ የተባለው ኩባንያ በሜይ 2025 በቴክሳስ ከዳላስ ሂውስተን ያለ ሾፌር ጭነት ማመላለስ መጀመሩን አብስሯል። በዚያው ወር ግን በመኪናው አምራች በፓካር ጥያቄ ሰው ወደ መቀመጫው እንዲመለስ ተደርጓል። ከዚያ በፊት በ2023 ዌይሞ የጭነት መኪና ስራውን ገትቷል፤ ቱሲምፕል የተባለውም በዚያው ዓመት የአሜሪካ ስራውን መዝጋቱን አስታውቋል። እንግዲህ "ነገ ሾፌር አያስፈልግም" የሚለውን ማስፈራሪያ በሙሉ ልባችን የምናምነው አይደለም። ግን እንዲያው የምንንቀውም አይደለም። የሮቦቱ መኪና መጀመሪያ የሚፈልገው ቀጥ ያለውንና ረጅሙን የደቡብ አውራ ጎዳና ነው። ብዙ ልጆቻችን የሚበሉት ደግሞ ከዚያ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

ሾፌር ማቆየት ያቃተው ኩባንያ ከሚዘረጋቸው መረቦች ሁሉ የከፋው ግን "እየሰራህ መኪናውን የራስህ አድርግ" የሚለው ውል ነው። ከመካከላችን አንዱ በዚህ አልፏልና የምንናገረው ከሰማነው ብቻ አይደለም።

ጊዜው የ2022 መጀመሪያ ነበር። የጭነት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። የኩባንያውን ስም እዚህ አንጠቅስም፤ ብዙዎቹ አንድ አይነት ናቸውና። ቅድሚያ ክፍያ የለም፣ የክሬዲት ምርመራ የለም፣ ቁልፉን በዚያው ሳምንት ውሰድ ተባለ። ባልደረባችን ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ሰብስቦ "ከእንግዲህ ቅጥር ቀረ፣ የራሴ ሰው ልሆን ነው" አላቸው። መኪናዋን ጠበል ያስረጨ፣ ፎቶ አንስቶ አገር ቤት የላከ እሱ ነው። ውሉ ከ40 ገጽ በላይ ነበር። አንድም ገጽ ለጠበቃ አላሳየም።

ከየሳምንቱ ሂሳብ ላይ 900 ዶላር ለመኪናው፣ ከዚያ ኢንሹራንስ፣ ከዚያ የጥገና ተቀማጭ፣ ከዚያ የኤሌክትሮኒክ መሳሪያው ኪራይ ይቆረጣል። ነዳጁም የሱ ነው። ዋጋው ጥሩ በነበረ ጊዜ ተርፎት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጭነት ዋጋ ሲወድቅ ግን ሰባት ቀን ነድቶ ኩባንያው ባለ እዳ ያደረገበት ሳምንት መጣ። ሌላ ቦታ ሄዶ ጭነት እንዳይፈልግ ውሉ ያስረዋል። የሚጭንለት፣ ዋጋ የሚቆርጥለት፣ እዳውን የሚቆጥርበት ያው አንድ ድርጅት ነው። በ14ኛው ወር ሞተሩ ተበላሸ። የጥገና ተቀማጩ ሳይበቃ ቀረ። ቁልፉን አስረከበ። የከፈለው ሁሉ "ኪራይ ነበር" ተባለ፤ መኪናዋም በሳምንቱ ለሌላ አዲስ ሰው ተሰጠች።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። ባልደረባችን እስከዛሬ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበው ልጁ "አባዬ፣ ትራካችን የት ሄደ?" ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ነው።

ይህ የአንድ ሰው እድለቢስነት ብቻ አይደለም። በ2021ዱ የመሰረተ ልማት ህግ መሰረት በፌደራል ደረጃ የተቋቋመው የመኪና ኪራይ ውል አጣሪ ግብረ ኃይል በጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ሪፖርት ኮንግረስ እንዲህ ያሉትን ውሎች ጨርሶ እንዲያግድ መክሯል። ውሉን ፈርሞ መኪናውን በእርግጥ የራሱ የሚያደርገው ሾፌር እጅግ ጥቂት መሆኑን ስላየ ነው። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ የውሉ ሰለባዎች በአብዛኛው አዲስ መጪዎች ናቸው።

ፈቃዱም እያነሰ፣ ሰዉም እየተገፋ

አንድ እጅ "ሾፌር ጠፋ" እያለ ሌላው እጅ ያለውን ሾፌር ሲያስወጣ ማየት ግራ ያጋባል። በኤፕሪል 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ በህግ መጽሐፍ ላይ ለአስርት ዓመታት የነበረውን፣ ከ2016 ወዲህ ግን ሾፌር ከመንገድ የማያስወጣውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ደንብ እንዲጠብቅ አደረገው። ከጁን 25, 2025 ጀምሮ ተቆጣጣሪው በእንግሊዝኛ ሲያነጋግረው መልስ መስጠት ያልቻለ ወይም የመንገድ ምልክት ማንበብ ያቃተው ሾፌር እዚያው እንዲቆም ተደረገ። በዚያው ዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ሾፌሮች ከመንገድ ወጥተዋል።

በኦገስት 2025 ፍሎሪዳ ላይ የሶስት ሰው ህይወት ከጠፋበት አደጋ በኋላ ደግሞ ነገሩ ወደ ፈቃዱ ዞረ። በሴፕቴምበር 2025 የትራንስፖርት ሚኒስቴር ዜግነትም ግሪን ካርድም ለሌላቸው የሚሰጠውን ሲዲኤል እጅግ የሚያጠብ ደንብ አወጣ። በወቅቱ ይህን አይነት ፈቃድ የያዙት ወደ 200 ሺህ እንደሚጠጉ ተገምቶ ነበር። ጥገኝነት ጠይቀው በስራ ፈቃድ ብቻ የሚኖሩና ጊዜያዊ ከለላ የተሰጣቸው ወገኖቻችን ከዚሁ ውስጥ ናቸው። በኖቬምበር 2025 ፍርድ ቤት ደንቡን አገደው፤ ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። በዲሴምበር 2025 ደግሞ መንግስት ለኢትዮጵያውያን የተሰጠውን ጊዜያዊ ከለላ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። ስለዚህ ፈቃዱን ለማደስ የሚሄድ ወገን በእለቱ ያለውን ህግ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳይጠይቅ ፈቃዱን አሳልፎ እንዳይሰጥ እንመክራለን።

በአንድ ነገር ግን ራሳችንን እንውቀስ። የመንገድ ምልክት ማንበብ የነፍስ ጉዳይ ነው። ፈተናውን በሰው ተረዳድቶ ማለፍ፣ ስልጠናውን በገንዘብ መዝለል በመካከላችን የለም ብለን አንዋሽም። ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ በተመዘገበ ትምህርት ቤት መሰልጠን ግዴታ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። 80 ሺህ ፓውንድ የሚመዝን መኪና ማንንም አይምርም።

መንገድ ላይ ያሉ ሁሉ ብቻቸውን አይደሉም

በ2023 የጸደይ ወራት በጀርመን ዳርምሽታት አጠገብ ግሬፈንሃውዘን በተባለው ማረፊያ አብዛኞቹ የጆርጂያና የኡዝቤኪስታን ተወላጆች የሆኑ ሾፌሮች መኪኖቻቸውን አቆሙ። ቀጣሪያቸው ደመወዛቸውን አልከፈላቸውም ነበር። ቋንቋው የማይገባቸው፣ አገሩ አገራቸው ያልሆነ ሰዎች ነበሩ። ለሳምንታት በጋቢናቸው አድረው፣ የሰራተኛ ማህበራት ስንቅ እያቀበሏቸው ጸኑ። በመጨረሻም ወደ 300 ሺህ ዩሮ የሚሆን ውዝፍ ደመወዛቸውን አስከበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

በአገራችንም ከወጪና ገቢ ንግዱ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። በ2016 የተመረቀው ባቡር ቢኖርም አብዛኛው ሸክም ዛሬም በሾፌሩ ትከሻ ላይ ነው። እዚያ ያለው ሾፌር የሚሸሸው ማይል አነሰኝ ብሎ አይደለም፤ በየመንገዱ መታገትና መገደል ስላስመረረው ነው። ስራቸውን አቁመው "ዋስትና ስጡን" ያሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ለሾፌሩ ደህንነት የማይጨነቅ መንግስት የቱንም ያህል አዲስ መኪና ቢያስገባ መሪውን የሚይዝለት ሰው ማጣቱ አይቀርም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማንም ወገን በጠበቃ ያላስነበበውን የመኪና ውል አይፈርም። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ያሉት አባቶቻችን ናቸው። ሁለተኛ፣ ስራ ስትቀጠሩ የማይሉን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፤ መጋዘን በር ላይ ለምትጠብቁበት ሰዓት ስንት ይከፈላል፣ በወር ስንት ሌሊት ቤት እታደራለህ፣ ካሜራው በእንቅልፍ ሰዓት ይጠፋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሁፍ ተቀበሉ። ሶስተኛ፣ እድሩን፣ እቁቡንና የየከተማውን ማህበር ያቋቋምን ሰዎች የሾፌሮች ማህበር ማቋቋም አያቅተንም። አስር ሰው አንድ ጠበቃ፣ ሃምሳ ሰው አንድ የሂሳብ ባለሙያ መቅጠር ይችላል። አራተኛ፣ የቆዩት ለአዲሶቹ እንግሊዝኛውንና የመንገድ ምልክቱን ያስተምሩ። አዳራሹ አለን፣ ቅዳሜም አለን።

ሾፌር የለም ሲሉን አንመን። ሾፌሩማ አለ፤ አሁን ይህን ጽሁፍ ስናዘጋጅ እንኳ በአንዱ ማረፊያ መኪናውን አቁሞ፣ የማንቂያ ደወሉን ለሌሊቱ አስር ሰዓት ሞልቶ ጋደም ብሏል። የጠፋው እሱ ሳይሆን ለድካሙ የሚገባው ዋጋ ነው።

መንገዱን የጨርቅ ያድርግላችሁ። ቸር ይግጠመን!